ፓሸድና የእመቤቲቱ ግድግዳ

የእህቴ ባል ፓሸድ ሥራው የሌላውን ሰው ስሕተት ማቃናት ነበር። አንዱ ቀራጭ መሮው ስቶ የንጉሡን አፍንጫ ሲሸርፍ፣ ወይም ድንጋዩ ሆዱ ውስጥ ደብቆት የኖረ ጉድጓድ ድንገት ሲወጣ «ፓሸድን ጥሩት» ይባላል። እሱም ጄሶውን በጥብጦ ቀዳዳውን ይደፍንና፣ ሲደርቅ በቀጭን መሮ መልሶ ይቀርጸዋል። ቀለም ከተቀባ በኋላ የተጠገነበትን ቦታ ራሱ ፓሸድም አያገኘውም።

እኔ ኢፑ እባላለሁ፤ ጀልባ ነጂ ነኝ። ድንጋዩን ከማዶ ካለው የድንጋይ ካባ በአባይ አሻግሬ የማመጣው እኔ ነበርኩ። ርዝመቱ አንድ ክንድ ነው፤ አንድ ሰው በትከሻው ይሸከመዋል። ንጉሡ ቸኩሎ ነበርና ትልልቅ ድንጋይ የሚያስጎትት ትዕግሥት አልነበረውም።

ያደግነው ደቡብ፣ በድሮዋ የነገሥታት ከተማ በዋሰት ነው። ንጉሡ በበረሃው ዳር አዲስ ከተማ ሲቆረቁር ቀራጩም፣ ጋጋሪውም፣ ጀልባ ነጂውም ተጠራርጎ መጣ። ፓሸድ ያኔ ሠላሳ ዓመቱ ነው። እህቴን ሄርያን አግብቶ ሁለት ልጅ ወልዷል። ግራ መጋባቱ የጀመረው ገና በመጀመሪያው ሳምንት ነው። አባቱ ያስተማረው ንጉሥ ትከሻው ሰፊ፣ ወገቡ ቀጭን ነበር። እዚህ ሰዓሊው በቀይ ቀለም የነደፈለት ንጉሥ ግን ሆዱ ወርዷል፣ አገጩ ረዝሟል፣ ጭኑም የሴት ጭን ነው። ፓሸድ መሮውን አስቀምጦ ግማሽ ቀን ቁጭ አለ።

አለቃው ኔብረ መጣ። ድምፁ የሚጮህ፣ ልቡ ግን ክፉ ያልሆነ ሰው ነው።

«ምን ሆነህ ተገተርክ?»

«ጌታዬ፣ ይህን ብቀርጽ ንጉሡን ሰደብክ ተብዬ እጄ ይቆረጣል። ባልቀርጽ ደግሞ አልታዘዝክም ተብዬ ይቆረጣል። የቱ ይሻላል?»

«እጅህ የሚቆረጠው እስከ ምሳ ካልጨረስክ ነው» አለው ኔብረ።

ቀረጸ። ምንም አልመጣበትም። ይህም ግራ አጋባው።

ከንጉሡ ራስ በላይ የምትቀረጸው አተን ናት፤ የፀሐይ ክብ። ከሷ ጨረሩ እንደ ገመድ ይወርድና የያንዳንዱ ጫፍ ትንሽ እጅ ይሆናል። አባቶቻችን ያመለኳቸው አማልክት ፊት ነበራቸው፤ ሲቆጡ ታውቃለህ፣ ሲታረቁ ታውቃለህ። ይህቺኛዋ እጅ ብቻ ናት። ደግሞም ወደሷ የሚጸልየው ንጉሡ ነው፤ እኛ የምንጸልየው ወደ ንጉሡ ነው። ፓሸድ ጉሮሮውን በታመመ ጊዜ «ታዲያ አሁን ለማን ነው የምናገረው?» ብሎ ጠየቀኝ።

እህቴ ሄርያ እንዲህ ያለ ነገር አያስጨንቃትም። ቤቷ በር ላይ ንጉሡ ለአተን አበባ ሲያቀርብ የተቀረጸበትን ድንጋይ አቁማለች፤ ከዱቄት ማድጋው ጀርባ ደግሞ ምላሱን ያወጣው ድንኩ የድሮ አምላክ ቤስ ተቀምጧል። «ይህ ሁሉ እጅ እያላት አንድ ቀን እንኳ እንስራ አላሸከመችኝም» ትላለች።

«ዝም በይ አንቺ፣ ግድግዳ ጆሮ አለው» ይላታል ባሏ።

«ጆሮውንማ የሠራኸው አንተ አይደለህ?»

እውነቷን ነው። ፓሸድ ከሁሉ ነገር ጆሮ ይችልበታል። ለዚህም ነው የደቡቡ የአትክልት መቅደስ ሲሠራ የእመቤቲቱ ግድግዳ ለሱ የተሰጠው። እመቤቲቱ ከንጉሡ ሚስቶች አንዷ ናት፤ ትልቋ አይደለችም። ስሟን ልነግራችሁ አልችልም፤ ሰው ሁሉ «እመቤቲቱ» ነበር የሚላት፣ የተጻፈውን ማንበብ ደግሞ እኔም አልችል፣ ፓሸድም አይችል። ፓሸድ ፊደልን የሚቀርጸው ወፍን እንደሚቀርጽ ነው፤ ሰዓሊው የነደፈለትን ተከትሎ።

ስምንት ወር ሠራው። ንጉሡ ሁለት እጁን ወደ ፀሐይ ዘርግቶ፣ እመቤቲቱ ከኋላው መቅጃ ይዛ፣ የጨረሩ እጆች በሁለቱም ላይ ወርደው። ሊጨርስ ሲል እሷው ራሷ ልታይ መጣች። በዚያች ቀን ድንጋይ እያራገፍኩ ስለነበር አይቻታለሁ። ቁመቷ አጭር፣ ጉትቻዋ የብር አምባር የሚያህል ክብ ነው። አንዲት ወፍራም ሞግዚት ከኋላዋ ዣንጥላ ይዛ ታለከልካለች። ፓሸድ መሬት ላይ ተደፋ።

እመቤቲቱ ግድግዳውን ስታይ ቆየችና «ሁንሮ፣ ጆሮዬ ይህን ያህል ትልቅ ነው?» አለች።

«ኧረ ከዚህም ይበልጣል፣ ልጄ» አለች ሞግዚቷ። «ሰውዬው አዝኖልሽ ነው።»

እመቤቲቱ ሳቀች። ፓሸድ ግን ግንባሩን ከመሬት አላነሣም፤ ሳቁ የምሕረት ይሁን የቁጣ አላወቀም። ስትሄድ ለሠራተኛው ሁሉ አንዳንድ እንስራ ጠላ እንዲሰጥ አዘዘች። ፓሸድ ጠላውን እየጠጣም «ግን ተቆጥታ ይሆን እንዴ?» ይለኝ ነበር።

ሁለት ዓመት አለፈ። አንድ ጠዋት ኔብረ ፓሸድን ጠርቶ ወደዚያው ግድግዳ ወሰደው። አንድ ጸሐፊ ቀድሟቸው ደርሶ በጥቁር ቀለም አዲስ መስመር አስምሮበታል።

«አናቷን እንደ ንጉሡ ልጆች ወደ ኋላ አርዝመው» አለ ኔብረ። «ጠጉሯን አጥፋና በጎን የልጅ ቁንጮ አውጣላት። ፊደሉንም በተነደፈልህ ለውጥ። ከዛሬ ጀምሮ የንጉሡ ልጅ ናት።»

«እመቤቲቱስ?»

«የቷ እመቤቲቱ?»

«ይህቺ ናታ!»

«ይህቺ የንጉሡ ልጅ ናት አልኩህ እኮ።»

«ጌታዬ፣ ሞታ ነው? ወይስ አጥፍታ ነው?»

ኔብረ ግራ ቀኙን አየ። «ፓሸድ፣ ስንት ልጅ አለህ?»

«ሁለት።»

«እንግዲያው ቅረጽ።» ከዚያ ደግሞ ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገና፣ «እኔስ የነገረኝ አለ መሰለህ?» አለው።

ፓሸድ ያን ቀን ለምሳ የመጣለትን ዓሣ ሳይነካው መለሰው። ከተማው በወሬ ይታመስ ጀመር። ጋጋሪዎቹ በወሊድ ሞተች ይላሉ። ወታደሮቹ ወደ ሰሜን፣ ወደ አባቷ አገር ተልካለች ይላሉ። አጣቢው ደግሞ ባለፈው ሳምንት በመስኮቷ ቆማ አይቻታለሁ ብሎ ይምላል። ነገሩን የባሰ ያወሳሰብኩት እኔ ነኝ። በዚያው ሰሞን ከሰሜን የወይን እንስራ ጭኜ መጣሁ፤ የወደቡ ጸሐፊ እንስራው አንገት ላይ የተጻፈውን ጮክ ብሎ አነበበ፦ «የእመቤቲቱ ርስት ወይን፣ የዘንድሮ።» ይህንን ሄጄ ለፓሸድ ነገርኩት።

«የዘንድሮ ነው ያለው?» አለ ዓይኑ ፈጦ። «ወይኗ ከመጣማ አለች!»

«ወይም ወይኑ መርዶ አልደረሰውም» አለች ሄርያ ምስር እየለቀመች።

ሥራውን ጀመረ። የጠጉሩን ጉንጉን በመሮ ፋቀ፣ የቀረውን በጄሶ ደፈነ፣ አናቱን አረዘመ፣ ቁንጮውን አወጣ። በአምስተኛው ቀን ጄሶው ተቀርፎ ወደቀና ከሥሩ የእመቤቲቱ ጉንጉን ብቅ አለ። እንደገና ደፈነው። እንደገና ወደቀ። በዕድሜው ጄሶ ወድቆበት የማያውቅ ሰው ነው። በሦስተኛው ጊዜ ኔብረ በሰው ፊት ሰደበው፦ «ጠጋኙ ፓሸድ! ሚስትህ የምትለስነው ምድጃ ይሻላል!»

እኔ ድንጋዩን በምላሴ ቀመስኩት። «ጨው አለው፣ አያ ፓሸድ። ውኃ ዳር የነበረ ድንጋይ ነው፤ ጨው ያለበት ድንጋይ ጄሶ አይዝም።»

«ጨው መሆኑን አጥቼው ነው?» አለኝ። «ንጉሡን የቀረጽኩበትም ድንጋይ ከዚያው ካባ፣ በዚያው ጀልባህ የመጣ ነው። እሱ ላይ የጠገንኩት ለምን አይወድቅም?»



በየአሥር ቀኑ ከሥራ በምናርፍበት ዕለት፣ ልክ እኩለ ቀን ላይ፣ ቤታቸው ቁጭ ብለን ሽንኩርት በዳቦ ስንበላ አንዲት ሴት በሩ ላይ ቆመች። ትንሽ እቃ በጨርቅ ቋጥራ ይዛለች። መጀመሪያ አላወቅናትም፤ ያ ሁሉ ሥጋ አልቆ ቆዳዋ ብቻ ተንጠልጥሏል። የእመቤቲቱ ሞግዚት ሁንሮ ነበረች።

«ጆሮ የሚሠራው ሰውዬ ቤት ይህ ነው?» አለች።

ፓሸድ ዘሎ ተነሣ። «እማማ፣ ግቢ። ንገሪኝ፣ እባክሽ፤ አለች ወይስ የለችም?»

ሁንሮ ቋጠሮዋን እንደያዘች፣ «እኔ አንተን ልጠይቅህ ነው የመጣሁት» አለች።

ሄርያ ውኃ ሰጠቻት፤ ጠጣችና ተናገረች። እህትሽ ታማለች ተብላ አሥር ቀን ፈቃድ ተሰጣት። ብትሄድ እህቷ ደኅና ናት። ብትመለስ የእመቤቲቱ ቤት በር በጡብ ተደፍኖ ልስኑ ገና እርጥብ ነው። ዘበኛውን «ልጄስ?» ብትለው «የማን ልጅ?» አላት። ሁለት ወር ሙሉ ቤተ መንግሥቱን ዞረች። የሚያውቋት ሁሉ እንደማያውቋት ሆኑባት።

«ግድግዳውን እየለወጥከው ነው አሉኝ» አለችው ፓሸድን።

«አዎ።»

«ፊቷ ከሥር አለ?»

«አለ። እንዲያውም አልደበቅ ብሎኛል።»

«በጡቴ ያሳደግኳት ልጅ ናት። ብትሞት መቃብሯን አላውቅ፣ ብትኖር አገሯን አላውቅ። ስሟ በድንጋይ ላይ ከጠፋ በወዲያኛውም ዓለም የሚጠራት የለም። አንዲት ቦታ ላይ ስሟን ተውላት። አንዲት ቦታ ብቻ።»

ፓሸድ ወደኔ ዞረ፣ ወደ ሄርያ ዞረ። «እተውላት ነበር» አለ። «ግን ከተጻፈው የቱ ነው ስሟ? ማንበብ አላውቅም እኮ።»

«እኔስ መቼ አውቃለሁ!» አለች ሁንሮ።

ጸሐፊ መጠየቅ ሞትን መጠየቅ ነው። ከዚያ ሁንሮ ቁና ቁና እየተነፈሰች ጎንበስ አለችና በጣቷ አቧራው ላይ ሥዕል ጀመረች፤ አንድ ሸንበቆ፣ አንድ ዳቦ፣ አንድ ወፍ። «ልብሷ ላይ በቀለም የሚታተመው ይህ ነው። አጣቢው ቤት እንዳይቀላቀል። ስሟ ይሆናል፤ ምን ሊሆን ይችላል ሌላ?»

«የአጣቢው ምልክት ሊሆን ይችላላ» አለች ሄርያ። ፓሸድ ተቆጥቶ አያት።

በማግስቱ ግድግዳውን ሲፈልግ ዋለ። ሸንበቆ፣ ዳቦና ወፍ ተከታትለው የቆሙበት አንድ ቦታ አገኘ፤ ከንጉሡ ተረከዝ ኋላ፣ ከጉልበት በታች። እሱን ሳይፍቅ በስሱ ጄሶ ብቻ ቀባው። የፊቱን ድንጋይ ግን አንድ ሳምንት ሙሉ በንጹሕ ውኃ እያጠበ ጨውን አወጣና በአራተኛው ጊዜ ጄሶው ያዘለት። ስሟን ይሁን የአጣቢውን ምልክት የተወው፣ እስከ ዛሬ ድረስ አላወቅንም።

ከቤተ መንግሥት መርማሪ ሲመጣ ፓሸድ እንደ ሸማ ነጣ። መርማሪው የጽሑፍ ጥቅሉን ዘርግቶ ግድግዳውን ከጥግ እስከ ጥግ አነበበ። ከንጉሡ ተረከዝ ዘንድ ሲደርስ ቆመ። ጎንበስ ብሎ በጥፍሩ ጄሶውን ጫረው፤ ከሥር ያለውን አየ። መርማሪው ቀና ብሎ ፓሸድን ለረጅም ጊዜ ተመለከተው።

«ይህን የሠራኸው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ፣ ጌታዬ።»

«ጥሩ ጄሶ ነው» አለና ጥቅሉን ጠቅልሎ ሄደ።

ከዚያ ምንም አልመጣም። ወታደር አልመጣ፣ ዱላ አልመጣ። ፓሸድ ተገርፎ ቢሆን ኖሮ የተሻለ ይተኛ ነበር። «አይቷል ኢፑ፤ ካየ ለምን ዝም አለ? ነው ወይስ አላየም? ወይስ እሱም ይወዳት ነበር? ወይስ ስሟ አልነበረም?» ይለኛል፤ በመንገድ፣ በጀልባ ላይ፣ በሰው ሠርግ መሐል። «ተው አያ፣ ዕድልህን አመስግን» እለዋለሁ። «የቱን ላመስግን?» ይለኛል።

ሁንሮ መጀመሪያ የመጣች ዕለት ውኃ ጠጥታ ልትሄድ ተነሥታ ነበር። «ወዴት ነሽ?» ብላ ሄርያ ጠየቀቻት። እህቷ ቤት ቦታ የለም። «እንግዲያው ይህን ምስር ለቅመሽ ጨርሺልኝ» አለቻት። ምስሩ አለቀ፤ ሁንሮ አልሄደችም። ቋጠሮዋን ከዱቄት ማድጋው ጎን አኖረች፤ ቤስን እዚያ ስታገኘው «አንተም እዚህ ተደብቀህ ነው?» ብላ ሳቀች። ከመጣች ለመጀመሪያ ጊዜ ስትስቅ የሰማናት ያኔ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ቶሎ ቶሎ ነው የሆነው። ንጉሡ ሞተ። አንድ ሁለት ሌሎች ነገሡ፤ ቤተ መንግሥቱ እቃውን ጭኖ ሄደ። አተን ትልቅ አምላክ ናት ያሉን ሰዎች፣ እነዚያው ራሳቸው፣ እንደሷ ያለ ነገር ሰምተን አናውቅም አሉ። ከተማው እንደ ገበያ ተበተነ። እኔም በጀልባዬ ሄርያንና ልጆቹን፣ ፓሸድን፣ ሁንሮን፣ ሁለት ዝይና የወፍጮ ድንጋይ ጭኜ ወደ ሰሜን፣ ወደ ትልቋ ከተማ ወደ መንነፈር ወረድን።

መንነፈር የደረሰ ቤተሰብ ሁሉ ይመዘገባል። ረጅም ሰልፍ፣ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ጸሐፊው ወጣት ነው፤ ቀና ሳይል ይጠይቃል።

«ስም?»

«ፓሸድ፤ ድንጋይ ቀራጭ።»

«አባትና እናት?»

«ሁለቱም ዋሰት ሞተዋል።»

ሚስት፣ ልጆች፣ የሚስት ወንድም ተጻፍን። ጸሐፊው በብዕሩ ሁንሮን ጠቆመ። «ይህቺ አሮጊት ምንህ ናት?»

ፓሸድ የእመቤቲቱ ሞግዚት ናት እንዳይል፣ እመቤቲቱ ማን ናት ሊባል ነው። ሄርያ የዝይዋን እግር ማሰር ጀመረች፤ የታሰረ ነበር።

«እናቴ ናት» አለ ፓሸድ።

ጸሐፊው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ። «አሁን እናቴ ሞታለች አላልከኝም?»

«ብያለሁ።»

«ታዲያ?»

ፓሸድ ላቡን ጠረገ፤ ሲዋሽ አያምርበትም። «አላውቅም፣ ጌታዬ» አለ። «ይህችም ናት።»

ከኋላችን ያለው ሰልፍ ያጉረመርማል። ጸሐፊው ትከሻውን ነቀነቀና ጻፈ። ሁንሮ ከዚያች ቀን ጀምሮ ፓሸድን «ልጄ» እያለች ትጠራው ጀመር፤ ሥራ እንዲያግዛት ስትፈልግ በተለይ።

ፓሸድ በመንነፈር ሥራ አላጣም፤ ግን እጁ አስቸገረው። አዲሱ አለቃ በድሮው ወግ፣ ትከሻው ሰፊ ወገቡ ቀጭን ንጉሥ ቅረጽ ይለዋል፤ እጁ ግን ሳያስበው ሆድ ያወርዳል። ወጣቶቹ ቀራጮች «አያ ፓሸድ፣ ንጉሡን አስረገዝከው!» እያሉ ይስቁበታል። እሱም አብሮ ይስቃል፤ ከዚያ ግን መሮውን ይዞ «የትኛው ነበር ትክክሉ?» ብሎ ይጠይቃቸዋል፤ ሳቁ ያኔ ይቆማል።

የድንጋይ አቧራ ሳንባውን በልቶት ስለነበር አምሳ ሳይሞላው ተኛ። ሁንሮ ዳቦ በጠላ እያራሰች ታጎርሰው ነበር። እርጅና አእምሮዋን እያምታታው ስለነበር ስለ እመቤቲቱ የምትነግረው አይገጥምም፤ ጠዋት በአባቷ አገር ልጆች ወልዳለች ትለዋለች፣ ከሰዓት በኋላ በእጄ ላይ ነው የሞተችው ትለዋለች። እሱ ሁለቱንም በጥሞና ያዳምጣል። አንድ ቀን እጄን ያዘና «ኢፑ፣ ፊቷን ስንቴ ደርቤ ቀረጽኩት፤ አሁን ዓይኔን ስጨፍን የምትመጣብኝ እሷ ትሁን ልጅቷ መለየት አቃተኝ። አንተ አይተሃታል፤ ንገረኝ» አለኝ።

አጭር እንደነበረች፣ ስትስቅ ትከሻዋ እንደሚነቃነቅ ነገርኩት። ስነግረው እኔም እርግጠኛ አልነበርኩም። ራሱን ነቀነቀ፤ ገብቶት ይሁን ደክሞት አላውቅም።

አባይ ሲሞላ ሞተ። ቀበርነው። ሁንሮ ጭቃ ግንባሯ ላይ ቀብታ ከሄርያ በላይ ጮኸች፤ ጎረቤቶቹ «እናቱ ምስኪን» እያሉ ደገፏት። ከዚያ በኋላ ሌላ አራት ዓመት ኖረች። ሁለቱ ሴቶች ቀኑን ሙሉ በሽንኩርት አከታተፍ ይነታረኩ ነበር፤ እኔ ከወንዝ ስመለስ አንዷ ሌላዋን እየከሰሰች በየተራ ይነግሩኛል፣ እኔም የማን ጥፋት እንደሆነ ሳይገባኝ ለሁለቱም እራራለሁ።